ያ መሬት በማን በኩል ነበር?

ጀሞ፣ ለቡ፣ መካኒሳ፣ ሐና ማርያም፤ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ውስጥ የኮንዶሚኒየም ደረጃ ጉልበታቸውን ይዘው የሚወጡ አረጋውያን ሞልተዋል። ከብዙዎቹ ቤት ጀርባ ውጭ አገር ያላችሁ የእናንተ የልጆቻቸው ገንዘብ አለ። በቪዲዮ ስትደውሉ የምትጠይቁትም የታወቀ ነው፤ ጤና እንዴት ነው፣ መድኃኒቱ ደረሰ ወይ፣ ብሩ ገባ ወይ። ልጃችሁ ከትምህርት ቤት የቤተሰብ ታሪክ ጽፈህ አምጣ ሲባል ደግሞ «አባባ፣ እኛ ከየት ነን?» ይመጣል። «ከመንዝ» ይላሉ። በዚያው ያበቃል።

እኔ የአባባን ማስታወስ አልጠረጥርም፤ የምጠረጥረው ጥያቄውን ነው። የመንዝ ደገኛ ዘሩን የሚቆጥረው «ማን ነኝ» ብሎ አልነበረም። የሚቆጥረው መሬት ለማግኘት ነበር። በርስት ሥርዓት አንድ ሰው ከአቅኚው አባት መወለዱን በቆጠራ ካስረዳ ድርሻ ይጠይቃል፤ በአባቱም በእናቱም፣ በአያቱም በቅድመ አያቱም በኩል። ስለዚህ ጎበዝ ተሟጋች አንድ መስመር ብቻ ይዞ አይቆምም፤ አራት አምስቱን ያጠናል። ጋብቻም እስከ ሰባት ቤት ስለሚጣራ፣ ያልቆጠረ ሰው ልጁን መዳርም ይቸገር ነበር።

የመንዙን ጓሳ ውሰዱ። ከ3,200 ሜትር በላይ ያለውን ያን የሣር ምድር፣ ዛሬ ቱሪስት ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ሊያይ የሚወጣበትን፣ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የጠበቁት አስቦና ጌራ ከሚባሉ አቅኚ አባቶች እንወለዳለን የሚሉ ሰዎች ናቸው። ሣሩ ለ3፣ አንዳንዴም ለ5 ዓመት ተዘግቶ ይቆይ ነበር፤ ሲከፈት ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚያጭደው ትውልዱን የቆጠረ ነበር። የአያት ስም ማጭድ ይዞ ለመግባት ፈቃድ ነበር ማለት ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን ይህ የመሬት መብት በአንድ አዋጅ ቀረ። አዋጁን የምወቅስበት ምክንያት የለኝም፤ ጭሰኛ ለነበረ ቤተሰብ ትንሣኤ ነበር። ነገር ግን ከዚያ በኋላ የተወለደ ልጅ ለመሬት ብሎ ለመቁጠር የሚያስገድደው ነገር አጣ። ያኔ የ25 ዓመት ጎረምሳ ሆኖ ከአባቱ ጋር ዳኛ ፊት የቆመው ሰው ዛሬ 75 አልፎታል። የመጨረሻው ቆጣሪ እሱ ነው፤ ምናልባትም ጀሞ አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጦ የእናንተን ስልክ እየጠበቀ ነው።

እንግዲህ «ከየት ነን» የሚለውን ተዉትና «አባባ፣ ያ የወንዙ ዳር መሬት በማን በኩል ነበር የደረሳችሁ?» በሏቸው። አንድ ጎረቤቴን በዚህ ጠየቅኳቸው። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ አውራ ጣታቸውን በሌሎቹ ጣቶች አንጓ ላይ እያሳለፉ መቁጠር ጀመሩ፤ አንድ አንጓ አንድ አባት። አራተኛው ላይ ሲደርሱ ሴት ሆነች። «ዋናዋ እሷ ናት፤ መሬቱ የመጣው በእሷ ነው» አሉኝ። ልጃቸው ውጭ አገር ለፍቶ የሠራው የዘር ሐረግ ውስጥ ግን አንዲት ሴት የለችም፤ ፓስፖርቱ ላይ ካለው ስም ተነሥቶ ወንድ ወንዱን ብቻ ነው የወጣው።

ዓመተ ምሕረት አትጠይቁ፤ የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ገና በ2008 ዓ.ም. ነው። ይልቅ አያታቸው በክፉ ቀን ተወልደው እንደነበር፣ ሰገሌ (1909) የዘመተ፣ በኅዳር በሽታ (1911) የሞተ፣ ከማይጨው (1928) ያልተመለሰ እንዳለ ጠይቁ። ምራቅ ተልኮ የሚመጣው የዘር ምርመራ ካርታ ላይ ሰፊ ክብ ያሰምራል እንጂ የቅድመ አያታችሁን ስም አይነግራችሁም።

ይህ የመንዝ ብቻ ጉዳይ አይደለም። ከዚሁ ክፍለ ከተማ ጫፍ፣ ከፉሪ ተራራ ግርጌ፣ ከተማው ሳይደርስባቸው ያርሱ የነበሩ የኦሮሞ አባቶችም ትውልዳቸውን ወደ ላይ ይቆጥራሉ። የእነሱም ልጆች ሚኒሶታ አሉ።

ስትደውሉ የስልኩን ድምፅ መቅጃ ክፈቱ። ወሬው ሲሞቅ አባባ በ1950ዎቹ አባታቸውን በሙግት የረታውን ሰው መርገም ይጀምሩ ይሆናል፤ አታቋርጧቸው፣ ስሙን ጻፉ። በርስት የሚከራከራችሁ ከአንድ አቅኚ አባት ጋር የሚያገናኛችሁ ሰው ነው፤ የዚያ ሰው የልጅ ልጆች የምትፈልጉት ሌላው የቤተሰባችሁ ቅርንጫፍ ናቸው።