ትንሽ የተነዳ መኪና ማምለክ ይብቃን

ያረጀ የስፖርት መኪና ሊገዛ የተነሳ ሰው ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቀው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ስንት ማይል ሄዷል?» ሻጩ «31 ሺህ ብቻ» ሲል የገዢው ፊት ይፈካል፤ እጁም ወደ ኪሱ ይሄዳል። «112 ሺህ» ካለ ግን ወሬው እዚያው ይቋጫል። እኔ ይህን ልማድ አጥብቄ እቃወማለሁ። ሃያ፣ ሃያ አምስት ዓመት የሞላው የስፖርት መኪና ሲገዛ ማይሌጅ ከጥያቄዎች ሁሉ መጨረሻ መምጣት የሚገባው ነው። መጀመሪያ በመምጣቱ ምክንያት ስንት ወገኖቼ ለዓመታት ያጠራቀሙትን ገንዘብ ሲያጡ አይቻለሁ።

ባለፈው ዓመት የቅርብ ወዳጄ ፖርሽ ቦክስተር ለመግዛት ሲነሳ አብሬው ዞሬያለሁ። ሁለታችንም የምንኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ወዳጄ ዲሲ መሀል ባለ የመኪና ማቆሚያ ለዓመታት የሰው ፖርሽ ሲያቆምና ሲያወጣ ኖሯል። አንድ ቀን የራሱን እንደሚነዳ ለራሱ ቃል ገብቶ ነበርና ሳንቲም በሳንቲም ሲያጠራቅም ቆይቶ ቀኑ ደረሰ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለት መኪና አየን። ሁለቱም የ2001 ሞዴል፣ ሞተራቸውም ያው ባለ 2.7 ሊትሩ። አንደኛው 31 ሺህ ማይል የሄደ፣ ሞቃት ጋራዥ ውስጥ ጨርቅ ለብሶ የኖረ፣ ቀለሙ እንደ መስታወት የሚያበራ ነበር፤ ዋጋው 16,500 ዶላር። ሁለተኛው 112 ሺህ የሄደ ነው። ፊቱ ላይ የጠጠር ምልክት ሞልቶታል፣ የሹፌሩ ወንበር ጠርዙ ተፍቋል፤ ዋጋው 9,800። የሁለተኛው ባለቤት ከፍሬድሪክስበርግ ዲሲ እየተመላለሱ ይሠሩ የነበሩ ጡረተኛ ናቸው። አንድ ወፍራም ማኅደር አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉልን። እያንዳንዱ የዘይት ቅያሪ፣ እያንዳንዱ ጎማ፣ ፍሪሲዮኑ የተቀየረበት ቀን፣ ሁሉም በየደረሰኙ ተሰክቷል። ወዳጄ ማኅደሩን ሁለት ገጽ ገልጦ ዘጋው። «112 ሺህ የሄደ መኪና ገዝቼ ምን ይሉኛል?» አለኝ በአማርኛ። እኔም ያን ቀን አፌን ያዝኩ፤ ዛሬም ይቆጨኛል።

31 ሺህ የሄደውን ገዛ። በሦስተኛው ሳምንት ዝናብ ዘነበ፤ በማግሥቱ መኪናው አልነሳ አለ። የቦክስተር የጨርቅ ጣሪያ የዝናብ ውሃ የሚወርድባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች አሉት። መኪናው ከቆመበት ሳይነቃነቅ ሲኖር ቱቦዎቹ በቅጠልና በአቧራ ይደፈናሉ፣ ውሃውም ወደ ውስጥ ይገባል። የመኪናውን ቁልፍ የሚያውቀው ኮምፒውተር ደግሞ የተቀመጠው ከሹፌሩ ወንበር ስር፣ ምንጣፉ ላይ ነው። መካኒኩ ምንጣፉን ሲገልጠው ውሃው በእጁ ላይ ተንጠባጠበ። ቀጥሎ የማቀዝቀዣ ውሃ ማጠራቀሚያው ፕላስቲክ ተሰነጠቀ። ጎማዎቹ ጥርሳቸው ሙሉ ስለነበር አዲስ መስለውን ነበር፤ ጎናቸው ላይ የታተሙትን አራት አሃዞች ስናነብ ግን 3409 ይላሉ። በ2009 በ34ኛው ሳምንት ላይ የተሠሩ ናቸው ማለት ነው። በመጨረሻም ከሞተሩና ከካምቢዮው መጋጠሚያ ዘይት መንጠባጠብ ጀመረ። በስድስት ወር ውስጥ ወዳጄ ከ7 ሺህ ዶላር በላይ አወጣ።

ሻጩ ዋሽቶ ይሆን ብለን ጠርጥረን ነበር። መካኒካችን የናዝሬት ልጅ ነው፤ የፖርሽ ማንበቢያውን ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ አንድ ቁጥር አሳየን፦ 1,240። ሞተሩ ከተወለደ ጀምሮ የሠራበት ሰዓት ነው። 31 ሺህ ማይል ለ1,240 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 25 ማይል ይመጣል። ሻጩ አልዋሸም፤ ማይሉ እውነተኛ ነው። ግን መኪናው ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ከቤት እስከ ቡና ቤት፣ ከቡና ቤት እስከ ቤት ሲል ነው የኖረው። በወር ሲሰላ 108 ማይል ገደማ ነው። ያኔ የጡረተኛው ማኅደር ትዝ አለኝ። ከሁለቱ ገጾች በአንዱ የድሮ ፍተሻ ወረቀት ላይ 110 ሺህ ማይልና 2,750 ሰዓት ተጽፎ አይቻለሁ፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን አላወቅኩም ነበር። በሰዓት 40 ማይል ነው። ያ ሞተር ጠዋት ተነስቶ፣ በደንብ ሞቆ፣ አውራ ጎዳና ላይ ሲሮጥ የኖረ ሞተር ነው።

ልዩነቱ ትልቅ ነው። ሞተር ሲነሳ ቤንዚንና እርጥበት ወደ ዘይቱ ይገባሉ። ረጅም መንገድ ሲሄድ ዘይቱ ይግልና እርጥበቱ ይተናል፤ አምስት ደቂቃ ሄዶ የሚጠፋ ሞተር ግን ያን እርጥበት ይዞ ይቀመጣል፣ ዘይቱም ወደ አሲድነት ይቀየራል። የፍሬን ዘይት መኪናው ቢሄድም ባይሄድም ከአየር ውሃ ይስባል። ዘይት የሚያግዱት የጎማ ማሸጊያዎች ዘይት ካልነካቸው ይደርቃሉ። የፌራሪ 355ን ባለቤቶች ጠይቁ፤ ከ1994 እስከ 1999 የተሠራ መኪና ነው። የሞተሩ የጊዜ ቀበቶ የሚቀየረው በዓመት ተቆጥሮ ነው፤ ለመቀየር ደግሞ ሞተሩ ከነነፍሱ ከመኪናው ይወርዳል። አንድም ማይል ባይነዳ ያ ወጪ አይቀርም።

ስለዚህ ቁጥሩ እውነት ሆኖ እንኳ ያሳስታል። እውነት ለመሆኑስ ማን ዋስ ነው? የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር በየዓመቱ ከ450 ሺህ በላይ መኪኖች የሄዱበት ማይል ተቀንሶ እንደሚሸጡ ይገምታል። ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላም ነገር አለ። በፌዴራሉ ሕግ ሻጭ የኦዶሜትሩን ቁጥር በፊርማው የማረጋገጥ ግዴታ አለበት፤ የ2010 እና ከዚያ በፊት ሞዴል የሆኑ መኪኖች ግን ከግዴታው ነፃ ናቸው። ያረጁ የስፖርት መኪኖች በሙሉ ማለት ይቻላል እዚህ ውስጥ ይወድቃሉ። እኛ ከ6 ሺህ ዶላር በላይ ጨምረን የምንገዛው ቁጥር ሕጉ ራሱ ሻጩን እንዲፈርምበት የማያስገድደው ቁጥር ነው።

«ካርፋክሱ ንጹህ ነው» የሚለውም የዚሁ እምነት ታናሽ ወንድም ነው። የመኪኖችን ታሪክ የሚያወጣው ይህ ድርጅት ከእኛ ሰፈር ብዙ አይርቅም፤ ሴንተርቪል፣ ቨርጂኒያ ነው ያለው፤ ሥራውም ጠቃሚ ነው። ግን የሚያሳየው የተመዘገበለትን ብቻ ነው። አጥር ገጭቶ ከኪሱ ከፍሎ ያሠራን ሰው አያውቀውም። ከላሜራው ላይ የቀለሙን ውፍረት የምትለካ ትንሽ መሣሪያ ግን ታውቀዋለች።

ፖርሽን የሚያውቁ አንባቢዎች የኩሽኔታዋን ጉዳይ እንደማነሳ ገምተዋል። በዚያ ዘመን ቦክስተርና 996 በሚባለው 911 አብዛኞቹ ሞተሮች ውስጥ በመሀለኛው ዘንግ ጫፍ ላይ አንዲት የታሸገች ኩሽኔታ አለች። እሷ ስትሰበር የቫልቮቹ ጊዜ ይዛባል፣ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፣ ሞተሩ ያልቃል። አዲስ ሞተር ደግሞ ከመኪናው ዋጋ ይበልጣል። ከ2001 እስከ 2005 ሞዴል ባሉት ላይ በካሊፎርኒያ ፌዴራል ፍርድ ቤት የጋራ ክስ ቀርቦ በ2013 በስምምነት ተቋጭቷል። በክሱ የተጠቀሰው የብልሽት መጠን ከመቶ ከአሥር አይበልጥም፤ ሆኖም ፍርሃቱ ገበያውን ሁሉ ወርሶታል። የሚያሳዝነኝ ከዚህ ፍርሃት የሚሸሹ ሰዎች ትንሽ ወደተነዳው መሮጣቸው ነው። ኩሽኔታዋን ለማየት ካምቢዮውና ፍሪሲዮኑ መውረድ አለባቸው። ትንሽ የተነዳ መኪና ፍሪሲዮኑ ገና ነውና ማንም አውርዶ አላያትም። 112 ሺህ የሄደው መኪና ግን ፍሪሲዮኑ ሲቀየር ኩሽኔታዋም አብራ ተቀይራለች፤ ደረሰኙ ማኅደሩ ውስጥ ነበር።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን መማር አልነበረብንም፤ ድሮም እናውቀዋለን። አዲስ አበባ ውስጥ ቮልስ የሚገዛ ሰው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ አይጠይቅም። የቮልስ መቁጠሪያ አምስት ቤት ብቻ ስላለው 99,999 ሲሞላ ተመልሶ ከዜሮ ይጀምራል፤ ስንቴ እንደዞረ ማንም አያውቅም። የሚጠየቀው «መካኒኩ ማነው?» ተብሎ ነው። ከዚያ ሞተሩ ይነሳል፣ ጆሮ ይደገናል፣ ጭሱ ይታያል። አባቶቻችንም በቅሎ ሲገዙ ጥርሷን ገልጠው፣ ጀርባዋን ዳስሰው፣ ኮቴዋን አንስተው አይተው፣ አስኪደው ነው ገንዘብ የሚቆጥሩት። «ትንሽ የተጫነች ናት» በሚል ወሬ በቅሎ የገዛ አልሰማሁም። ይህን ጥበብ ትተን ባሕር ማዶ ስንመጣ በአንድ ቁጥር መታለላችን ያናድደኛል።

የሚሞግቱኝ አሉ። «ብዙ የሄደ መኪናም ያልቃል» ይላሉ፤ ልክ ናቸው። አሞርዛተሩ ይደክማል፣ የእግሮቹ ጎማ ይበላል፣ የካምቢዮው ማርሽ መግባት ያስቸግራል። ግን እነዚህ የሚታዩ፣ የሚሰሙ፣ ዋጋቸው የሚታወቅ እቃዎች ናቸው። ገዢው አስቀድሞ ደምሮ ከዋጋው ላይ ያስቀንሳል። ትንሽ ተነድቶ በየዓመቱ ዘይቱና የፍሬን ዘይቱ የተቀየረለት፣ በየወሩ ረጅም መንገድ የወጣ መኪናም አለ፤ እሱን ያገኘ ይግዛ። ግን ያን ጊዜም የገዛው ማኅደሩን እንጂ ቁጥሩን አይደለም።

እኔ ራሴ የምነዳው የ1994 ማዝዳ ሚያታ ነው። ይህ መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ በ1989 ቺካጎ አውደ ርዕይ ላይ ቀርቦ፣ አንድ ሚሊዮነኛው በ2016 የተመረተ፣ በዓለም እጅግ የተሸጠው ባለ ሁለት ወንበር የስፖርት መኪና ነው። የእኔው 168 ሺህ ማይል ሄዷል። ስገዛው ሞተሩን ከማየቴ በፊት ጎንበስ ብዬ ከኋላ ጎማዎቹ ፊት ያለውን የታችኛውን ላሜራ በጣቴ ቆረቆርኩ። የጣሪያው ውሃ መውረጃ ሲደፈን ዝገት የሚጀምረው እዚያ ነው። ድምፁ ደረቅና ጠንካራ ነበር። የጊዜ ቀበቶው በየ60 ሺህ ማይሉ ስለመቀየሩ ደረሰኝ ጠየቅሁ፤ ሁለት ደረሰኝ ሰጡኝ። ከዚያ ወዲያ ኦዶሜትሩን ያየሁት ፎርሙ ላይ ልሞላው ስል ነው።

በእኔ ፍርድ፣ ያረጀ የስፖርት መኪና መገዛት ያለበትና የሌለበት የሚለየው በሦስት ነገር ነው። ባለቤቱ ያደረገለትን በወረቀት ማሳየት ይችላል ወይ? ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሳ ምን ድምፅ ያወጣል፣ ምንስ ያጨሳል? ያን ዓይነት መኪና የሚያውቅ መካኒክ፣ የሻጩ ሳይሆን የገዢው መካኒክ፣ አንስቶ አይቶታል ወይ? ፖርሽ ከሆነ ኮምፒውተሩ የሥራ ሰዓቱን ብቻ ሳይሆን ሞተሩ ከልክ በላይ ስንቴ እንደዞረም መዝግቧል። አራተኛ ማርሽ አስገባለሁ ብሎ ሁለተኛ ያስገባ ሹፌር ሚስጥሩ እዚያ ተጽፎ ይገኛል። ይህ ሁሉ ፍተሻ ከ200 እስከ 400 ዶላር ነው የሚፈጀው። የእኛ ሰው ግን መካኒክ የሚጠራው ገንዘቡን ከከፈለ በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ወዳጄ ያን ጥቂት መቶ ዶላር አስቀድሞ ቢያወጣ ኖሮ 7 ሺውን ባላወጣ ነበር። እኔም ጓደኛ ሆኜ ያን ቀን ዝም ባልል ኖሮ።

በዚህ ሳምንት መኪና ልታዩ ቀጠሮ የያዛችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ለሻጩ ደውሉለትና፣ እስክትደርሱ ድረስ ሞተሩን እንዳያስነሳው ንገሩት። ስትደርሱም ኮፈኑን፣ ሞተሩ ከኮፈኑ ስር ካልሆነም ከሞተሩ አጠገብ ያለውን ላሜራ በእጃችሁ ንኩት። ሞቆ ካገኛችሁት ተመለሱ።