ግብረ ገብ ከመማሪያ ክፍል ውጭ፤ ለሞርሲቶ ወላጆች፣ መምህራንና ሽማግሌዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይህ ደብዳቤ የሚሻ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በሞርሲቶ፣ እንዲሁም በሆሳዕና፣ በሾኔ፣ በዱራሜና በአካባቢያቸው ባሉ ከተሞች ልጅ ለሚያሳድጉ ወላጆች፣ ልጅ ለሚያስተምሩ መምህራን፣ በአደባባይም በቤተ እምነትም ቃላቸው ለሚደመጥ ሽማግሌዎችና የሃይማኖት አባቶች የተጻፈ ነው። ጉዳዩ የልጆች ምግባር ቢሆንም ክሱ በልጆች ላይ አይደለም። «የዛሬ ልጅ ተበላሸ» የሚለው ወቀሳ በየዘመኑ የሚሰማ ሲሆን፣ ደብዳቤው የሚያነሳው ከወቀሳው በፊት ሊጠየቅ የሚገባውን ነገር ነው፤ ይኸውም ልጁ ውሸትንና አቋራጭን ከማን ተማረ የሚለው ነው።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመፈለግ በቅድሚያ ቃላቱን ማየት ይጠቅማል። «ባሕርይ» ሲባል ከሰው ጋር አብሮ የተፈጠረውን ነገር ያመለክታል፤ አንዱ ልጅ ዝምተኛ፣ ሌላው ፈጣን፣ ሌላው ቁጡ ሆኖ ይወለዳል። «ምግባር» ግን ከግዕዙ «ገብረ» ማለትም «ሠራ፣ አደረገ» ከሚለው ግስ የወጣ ስለሆነ፣ ሰው በመሥራት የሚያገኘውን እንጂ ይዞት የሚወለደውን አይነግርም፤ «ግብረ ገብ» በሚለው ስያሜ ውስጥ ያለው «ግብር»ም የዚያው ግስ ልጅ ነው። የግሪኩ ፈላስፋ አርስጣጣሊስም ከሁለት ሺህ ሦስት መቶ ዓመታት በፊት በዚሁ መንገድ ሄዶ፣ ሰው ፍትሐዊ የሚሆነው የፍትሕን ሥራ ደጋግሞ በመሥራት እንደሆነ አስተምሯል። እንዲህ ከሆነ ሐቀኝነት ለልጅ በቃል የሚነገር ትምህርት ብቻ ሳይሆን፣ ልጁ በየዕለቱ ሲሠራ የሚያየውና አብሮ የሚሠራው ሥራ ነው ማለት ነው።

ሀገሪቱ ጉዳዩን በመማሪያ መጽሐፍ ለመፍታት ብዙ ሞክራለች። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ግብረ ገብ ራሱን የቻለ የትምህርት ዓይነት ነበር፤ በደርግ ዘመን ቦታውን የፖለቲካ ትምህርት ወሰደው፤ ከዚያ በኋላ የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ትምህርት መጣ፤ በአሁኑ ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ ግብረ ገብ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ላሉ ልጆች ተመልሶ፣ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ የዜግነት ትምህርት ይሰጣል። መመለሱ መልካም ነው። ነገር ግን መጽሐፉ ተለዋውጦ ኩረጃ ካልቀነሰ፣ የጎደለው በገጾቹ ላይ የተጻፈው ነገር እንዳልሆነ መጠርጠር ተገቢ ይሆናል።

ማስረጃው ሩቅ አይደለም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2015 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ሲሰጥ፣ ትምህርት ሚኒስቴር የፈተና ስርቆትንና የተደራጀ ኩረጃን ለመከላከል ተፈታኞችን ከየትምህርት ቤታቸው አውጥቶ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች አስገባ፤ ስልክ ይዞ መግባትም ተከለከለ። ውጤቱ ይፋ ሲሆን ከ896 ሺህ በላይ ከሚሆኑት ተፈታኞች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ፣ ማለትም 3.3 በመቶ ሆኑ፤ ከአንድ ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶችም አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም። በእርግጥ የቁጥሩ ምክንያት ኩረጃ ብቻ አልነበረም፤ ወረርሽኝ፣ ጦርነት፣ የመጽሐፍ እጥረትና የትምህርት ጥራት ጉድለት የየድርሻቸውን አድርገዋል። ሆኖም ከዚያ በፊት በየዓመቱ የታየው ከፍተኛ ውጤት ሁሉ በልጆቹ ብቻ የተገኘ ነበር ብሎ የሚምል ሰው አይገኝም። መልስ በስልክ የላከ፣ ከጥያቄው ጋር ሮጦ የመጣ፣ ፊቱን አዙሮ እንዳላየ የሆነ፣ «የሌላው ትምህርት ቤት ልጅ እየኮረጀ የኛ ለምን ይጎዳል» ብሎ የተከራከረ ትልቅ ሰው ነበር። በዚያ ሰዓት ዴስክ ላይ የተቀመጠው ልጅ የሒሳቡን መልስ ተቀበለ፤ ከመልሱ ጋር ግን ሕግ ሌላውን እንጂ የራስን ወገን አይመለከትም የሚለውንም ትምህርት ከአባቱ ዕድሜ ሰው አብሮ ተቀበለ። በቅርብ ዓመታት በየመሥሪያ ቤቱ በተደረገው ማጣራት የተገኘው ሐሰተኛ የትምህርት ማስረጃ፣ ሰው በተለምዶ «ፎርጅድ» የሚለው፣ የዚያው ትምህርት የአዋቂነት ፍሬ ነው።

ልጅ ከትልልቆች የሚማረው ግን በፈተና ጊዜ ብቻ አይደለም። ፈተናው በተሰጠበት በዚያው ሰሞን፣ በጥቅምት 2015 ዓ.ም.፣ በማላዊ ሰሜናዊ ክፍል በምዚምባ ጫካ ውስጥ በአንድ የጅምላ መቃብር ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ናቸው ተብለው የታመኑ የ25 ሰዎች አስከሬን ተገኘ፤ ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ደግሞ በሞዛምቢክ ቴቴ አውራጃ በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኝተው ነበር። የዚህ የስደት መንገድ ስም በሀዲያና በከምባታ ቤቶች ውስጥ መግለጫ አያስፈልገውም። ከኬንያ እስከ ደቡብ አፍሪካ የሚዘረጋው ጉዞ ከሁለት አሥርት ዓመታት በላይ የአካባቢውን ወጣት ሲወስድ ቆይቷል፤ ከዚያ የተላከው ገንዘብ ቤት አሠርቷል፣ ታናናሾችን አስተምሯል፣ ይህንንም መካድ ሐሰት ይሆናል። መሬት የጠበበበት፣ ሥራ የጠፋበት ወጣት መውጣቱን እንደ ነውር መቁጠርም ፍርደ ገምድልነት ነው።

የዚህ ደብዳቤ ጥያቄ ስለ መሄድ ሳይሆን ልጅ ስለ መሄድ ምን እየሰማ እንደሚያድግ ነው። የስምንተኛ ክፍል ልጅ ማታ እሳት ዳር ተቀምጦ «እገሌ ሳይማር ፎቅ ሠራ፣ መምህሩ ግን እስካሁን የሰው ቤት ተከራይቶ ይኖራል» የሚለውን ሲሰማ፣ ወላጁ በሬ ሸጦ ለደላላ ከፍሎ ስለ መንገዱ ግን ለጎረቤት ሌላ ታሪክ ሲያወራ፣ ትንቢት ነው ተብሎ የተነገረ ቃል ሳይቀር ለጉዞው ማበረታቻ ሲሆን፣ ትምህርት የሞኝ፣ ትዕግሥት የሰነፍ መስሎ ይታየዋል። ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ የሚያሻግርን የሚቀጣ አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ወጥቷል፤ ሕጉ ደላላውን ይከስሳል እንጂ እሳት ዳር የተወራውን አይመረምርም። ያንን መመርመር የሚችለው የቤቱ ባለቤት ኅሊና ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ቃል ማንሳት ግድ ይላል። በአማርኛ «ሴራ» ሲባል በስውር የሚጠነሰስ ተንኮል ማለት ሲሆን፣ በሀዲያና በከምባታ ቋንቋዎች ግን ሴራ ማለት ሰው ከሰው ጋር የሚኖርበት፣ ለቅሶና ደስታ የሚካፈልበት፣ ጠብ በሽማግሌ የሚፈታበት፣ ያጠፋም የሚካስበት ሥርዓት ነው። በአንዱ ቋንቋ የተደበቀ ነገር መጠሪያ የሆነው ቃል በሌላው ሁሉም ያወቀውና የተስማማበት ነገር መጠሪያ ሆኗል። የሴራ ጉልበት እስር ቤት አልነበረም፤ ያጠፋ ሰው እንደ ቀድሞው ከሰው ጋር ተቀምጦ ሊበላና ሊመክር አለመቻሉ ነበር፤ ልጅም ይህንን ሥርዓት የሚማረው ትልልቆቹ ለሴራው ሲገዙ እያየ ነው። ስለዚህ አካባቢው ልጆቹን በምግባር ለማሳደግ ከውጭ የሚበደረው ነገር የለም። እንሰት ከቤቱ አጠገብ የሚተከለው የቤቱ ፍግ እንዲደርሰው ነው፤ ለመቆረጥ እስኪደርስም ከቦታ ወደ ቦታ እየተዛወረ ዓመታት ይጠብቃል። ይህንን ትዕግሥት ለተክል የሚያውቅ ሕዝብ ልጁ በአንድ ሌሊት በተሰረቀ ነጥብ ሰው እንዲሆን መመኘቱ የሚያሳዝን ነው።

መምህራንን በተመለከተ ሸክማቸው ከሁሉም የከበደ መሆኑን መናገር ተገቢ ነው። ደመወዛቸው ከወር ወር የማያደርሳቸው ሆኖ ሳለ የሌሎችን ልጆች ምግባር እንዲያንጹ ይጠበቅባቸዋል። ይሁንና ሲኮረጅ ያየ መምህር ዝም ካለ፣ በግብረ ገብ ክፍለ ጊዜ ያስተማረውን በአንድ ሰዓት ያፈርሰዋል። ዱላም ምትክ አይሆንም፤ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ መደንገጉ አንድ ነገር ሲሆን፣ ከዚያም በላይ በዱላ የታረመ ልጅ የሚማረው ጥፋትን መተውን ሳይሆን መደበቅን ነው። በኩረጃ የተያዘ ተማሪ ለምን እንደኮረጀ ተጠይቆ፣ ያልገባው ትምህርት እንደገና ተብራርቶለት፣ ፈተናውንም በራሱ እጅ ዳግመኛ ቢሠራ፣ ጊዜ ይፈጃል፤ ምግባር የሚባለው ግን በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚሠራው ነገር ነው።

የሃይማኖት አባቶች ድምፅ በዚህ አካባቢ ከወረዳ መመሪያ ይልቅ ይሰማል። ቃለ ሕይወት፣ መካነ ኢየሱስ፣ ካቶሊክና ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶችም፣ ልጆችን በየሳምንቱ ያስተምራሉ። ለተፈታኞች ሲጸለይ ለከፍተኛ ውጤት ብቻ ሳይሆን ለንጹሕ ውጤትም ቢጸለይ፣ ዝቅተኛ ነጥብ በሐቅ ያመጣ ልጅም በጉባኤ ፊት ቢመሰገን፣ የሚሰማው ልጅ መዝኖ ይወስደዋል።

ደብዳቤው በመጨረሻ የሚማጸነው ትንሽና የሚቻል ነገር ነው። በየትምህርት ቤቱ ያለው የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት፣ በአጭሩ ወተመህ፣ በዓመቱ መጀመሪያ ሲሰበሰብ ስለ አጥርና ስለ መዋጮ ከመነጋገሩ አስቀድሞ፣ ተማሪዎች በተገኙበት፣ ወላጆችና መምህራን ለልጅ የፈተና መልስ እንደማያቀብሉና ሲቀበል ያዩትንም እንደማይሸፍኑ ተስማምተው በቃለ ጉባኤ ቢያጸኑት፣ ሽማግሌዎችም ያንን ስምምነት እንደ ሴራ ቢጠብቁት ይለመናል። ያሆዴ ሲደርስም፣ የሀዲያ ዘመን መለወጫ የሚከበርበት መስከረም ሩቅ ያሉትን ሁሉ ወደ ቤት ይመልሳልና፣ ልጆች በተቀመጡበት ገበታ ላይ ማን ምን አሠራ ተብሎ በሚነሳው ጨዋታ መሐል፣ ማን ምን ሳይሰርቅ ተማረ የሚል አንድ ጥያቄ ይግባ።