የተሸነፈ ቡድን ይበተን ወይ?

ባለፈው ሰሞን ከምሳ በኋላ በሻይ ቤቱ ተሰብስበን ስለ ስፖርት ክበቦቻችን ገንዘብ ስንከራከር፣ አንድ ወዳጃችን ጠረጴዛውን በእጁ መታ አድርጎ፣ «ዓመቱን ሙሉ ሲሸነፍ የከረመ ቡድን ምን ይሠራልናል? ይበተንና ገንዘቡ ለሚያሸንፍ ይሰጥ!» አለ። ብዙዎች አጨበጨቡለት። እኛ በዚያች ሰዓት የምንመልሰው ቃል ስላጣን ዝም አልን፤ ዝምታችን ግን መስማማት አልነበረምና ዛሬ በዚህ ገጽ መልሳችንን እናቀርባለን። ምሳሌያችንን የምናመጣው ከሩቅ ነው፤ ይኸውም ከሞተር ብስክሌት የጽናት ውድድር። «ይህ ደግሞ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አንባቢ ቢኖር እስከ መጨረሻው እንዲታገሠን እንለምናለን። ዓመታቱንም ሁሉ የምንጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

የጽናት ውድድር እንደ ሌላው እሽቅድምድም በደቂቃዎች የሚያልቅ አይደለም። 8፣ 12 ወይም 24 ሰዓት ይፈጃል፤ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ብዙ ዙር የዞረ ያሸንፋል። ከጥንታውያኑ አንዱ የፈረንሳዩ ቦል ዶር ሲሆን፣ የተጀመረው በ1922 በፓሪስ አቅራቢያ ነው። ያን ጊዜ አንድ ሰው ብቻውን 24 ሰዓት ይነዳ ነበር፤ ሁለት ነጂዎች መፈራረቅ የጀመሩት ከ1954 ወዲህ ነው። ዛሬ ሦስት ሆነው አንዱን ሞተር ብስክሌት ይቀባበሉታል። አንዱ አንድ ሰዓት ያህል ነድቶ ሲገባ ቤንዚን ይሞላል፣ ጎማ ይለወጣል፣ ተተኪው ይወጣል። የወረደውም ላቡን ጠርጎ ጥቂት ሸለብ ሳያደርገው ተራው መልሶ ይደርሰዋል።

ከተሰላፊዎቹ መካከል የፋብሪካ ቡድኖች አሉ። እነዚህ ደመወዝተኛ ነጂ፣ የሠለጠነ መሐንዲስና በቂ መለዋወጫ አላቸው። ከእነሱ ጎን ደግሞ አማተሮቹ ይሰለፋሉ፤ እንጀራቸው ሌላ፣ ፍቅራቸው ግን ይኸው የሆነ ሰዎች። በሥራ ቀን ሱቅ የሚጠብቀው፣ ጋራዥ የሚውለው፣ ትምህርት ቤት የሚያስተምረው ሰው ለውድድሩ ፈቃድ ወስዶ ይመጣል። አንዱ ጎማ ይፈታል፣ አንዱ ቤንዚን ይቀዳል፣ አንዱ ሌሊቱን ሰዓት ይቆጥራል፣ አንዱ ሾርባ ያፈላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው የተባለው ለእነሱ ይመስላል።

እንግዲህ ከመስከረም 2019 እስከ መስከረም 2020 የቆየውን የዓለም ሻምፒዮና እንመልከት። በደቡብ ፈረንሳይ በፖል ሪካር የተከፈተው ቦል ዶር ብርቱ ዝናብ ስለ ወረደበት በመጀመሪያው ምሽት ቆመ፤ የቀጠለውም በማግስቱ ማለዳ ነው። በታኅሣሥ ማሌዥያ ውስጥ በሴፓንግ የተደረገውም ውድድር እንዲሁ በዝናብ ተቆርጦ 8 ሰዓቱን ሳይሞላ ቀረ። ከዚያ የኮሮና ወረርሽኝ ገባ። በሚያዝያ ሊደረግ የነበረው የለ ማን የ24 ሰዓት ውድድር ወደ ነሐሴ መጨረሻ ተዛወረ፤ ሲደረግም ያለ ተመልካች ነበር። የጀርመኑ የኦሸርስሌበን ውድድር ተሰረዘ። የጃፓኑ የሱዙካ 8 ሰዓት በመጀመሪያ ወደ ኅዳር ተላለፈ፣ ኋላም ጨርሶ ተሰረዘ። የመስከረሙም ቦል ዶር ቀረና በፋንታው በፖርቱጋል በኤስቶሪል የ12 ሰዓት ውድድር ተደርጎ ዓመቱ ተዘጋ። የሻምፒዮናውን ማዕረግ የወሰደው የሱዙኪ ቡድን ነው።

ይህን የመሰለ ዓመት ለፋብሪካውም ከባድ እንደ ነበር አንክድም። ነገር ግን አማተሩን እስቲ እናስበው። ለሚያዝያ የለመነውን ፈቃድ ለነሐሴ እንደገና መለመን አለበት። የሰፈሩ ነጋዴ በሞተር ብስክሌቱ ላይ ስሙ እንዲጻፍ ገንዘብ የሚሰጠው ተመልካች አለ ብሎ ነው፤ ተመልካች በሌለበት ምን ብሎ ይጠይቀዋል? እንዲያም ሆኖ በነሐሴ ወር በለ ማን መነሻው ላይ የተሰለፉት ብዙዎቹ የግል ቡድኖች ነበሩ። የፋብሪካዎቹን ሞተር ብስክሌቶች ለብቻ ብንቆጥራቸው ጥቂት ናቸው። ሌሎቹን «ካላሸነፋችሁ ሂዱ» ብንላቸው ያ ሰፊ አደባባይ ባዶ ይቀራል፤ አሸናፊውም ማንን አሸነፍሁ ሊል ነው?

ከውድድሩ ሕግጋት መካከል ሁለቱ በጣም ያስደንቁናል። አንደኛው፣ ሞተር ብስክሌቱ ከጋራዡ ርቆ በመንገድ ላይ ቢበላሽ መካኒኮቹ ሄደው ሊያነሡት አይፈቀድላቸውም። ነጂው ራሱ፣ የራስ ቁሩንና የቆዳ ልብሱን እንደ ለበሰ፣ እየገፋ ማምጣት አለበት። ካመጣው ይጠገናል፤ ካላመጣው ቀረ። ሁለተኛው፣ ስሙ በውጤት መዝገብ እንዲገባ የሚፈልግ ቡድን አሸናፊው ከሄደው መንገድ ሦስት አራተኛውን መሄድና መጨረሻውንም መስመር ማለፍ ይኖርበታል። እንግዲህ በሌሊት ካቴናው የተበጠሰበት ቡድን ዋንጫውን እንደማያገኝ ያውቃል። ሆኖም ይገፋል፣ ይጠግናል፣ ይወጣል፤ የሚታገለው ለማለቅ ነው። በእኛ አስተያየት የውጤት መዝገብ ከታች ወደ ላይ ቢነበብ የሚያስተምረው ይበዛል።

ይሁን እንጂ ፍቅር ብቻ ይበቃል አንልም። ተቃዋሚዎቻችን፣ «ያልተዘጋጀ ሰው በፍጥነት መንገድ ላይ ለራሱም ለሌላውም አደጋ ነው» ቢሉ እውነት አላቸው። በባርሴሎና በሞንጁዊክ ኮረብታ በከተማው መንገዶች ላይ ከ1955 ጀምሮ ይደረግ የነበረው የ24 ሰዓት ውድድር የቆመው በ1986 አንድ ነጂ ከሞተ በኋላ ነው። የፍሬን ሸራው ያለቀበት ቡድን «ፍቅር አለኝ» ብሎ ቢወጣ ጀግና አይባልም፤ ራሱን ከውድድሩ ቢያወጣ ግን አስተዋይ ይባላል። ከአንድ ውድድር መውጣትና ቡድንን መበተን ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ለከርሞ ያድናል፤ ሁለተኛው ለከርሞ የሚሆን ሰው አያስቀርም።

አሁን ወደ ግቢያችን እንመለስ። ክበቦቻችን በተሸነፉ ቁጥር የምናደርገው ምንድር ነው? ስብሰባ እንጠራለን፤ በስብሰባውም ጥፋተኛ እንፈልጋለን። ተጫዋቹ በአሠልጣኙ፣ አሠልጣኙ በገንዘብ ያዡ ያሳብባል። ሁለት ሦስት ሰው ተናድዶ ይወጣል፤ የቀሩትም በሚመጣው ዓመት ከሀ ይጀምራሉ። ባለፈው ዓመት የተሰበረው ምን እንደ ነበር፣ እንዴትስ እንደ ተጠገነ የሚያውቅ አይገኝም። እኛም ከዚህ ጥፋት ነጻ አይደለንም፤ በእነዚያ ስብሰባዎች እጃችንን አውጥተን ወቅሰናል፣ ለመርዳት ግን እጃችንን ያወጣንበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሹማምንት የምናቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። የክበቦች ገንዘብ በዋንጫ ቁጥር አይመደብ። በፋንታው እያንዳንዱ ክበብ በዓመቱ መጨረሻ ሦስት ጥያቄዎችን በጽሑፍ ይመልስ፤ ዓመቱን ሙሉ በቀጠሮው ተገኝቷል ወይ? የተበላሸበትን ነገር ለይቶ አስተካክሏል ወይ? ለሚተኩት አዲሶች ተማሪዎች ያወቀውን አስተላልፏል ወይ? ለሦስቱም «አዎ» ብሎ ማስረጃ ያመጣ ክበብ፣ አንድም ጊዜ ባያሸንፍ፣ ገንዘቡ ይገባዋል። አንዱንም መመለስ ያልቻለ፣ መደርደሪያው በዋንጫ ቢሞላ እንኳ ይጠየቅ።

ጠረጴዛውን የመታው ወዳጃችን ይህን ሲያነብ ይቆጣ ይሆናል። በሚመጣው ስብሰባ መልሱን እንጠብቃለን፤ ሻዩንም እኛ እንከፍላለን። እስከዚያው ግን ሞተሩ የጠፋበት ሰው በጨለማ እየገፋ ሲመጣ «ለምን ተበላሸብህ?» ከማለታችን በፊት የጋራዡን በር እንክፈትለት።