«የእኛ ሰው ነው» ብለን መሪ ከመጨበጣችን በፊት



እህታችንን ሊያጭ ሽማግሌ የላከ ሰው ሲመጣ ምን እናደርጋለን? ጠባዩን እንጠይቃለን፣ ጎረቤቱን እናነጋግራለን፣ አብሮት የሠራውን እናፈላልጋለን። «ለምን አጣራችሁ?» ብሎ የሚቀየመን የለም። አሜሪካ ገብተን የጭነት መኪና ልንነዳ ስንነሳ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ከነጭነቱ እስከ 80,000 ፓውንድ፣ ማለትም 36 ቶን ገደማ የሚመዝን ትራክ ይዘን በሌሊት ቁልቁለት ልንወርድበት ነው፤ ድርጅቱን የምንመርጠው ግን በአንድ ስልክ ነው። «የእኛ ሰው ነው፣ ጥሩ ይከፍላል» ይባላል። በሳምንቱ ሻንጣችን ትራኩ ውስጥ ነው።

ይህ ልማድ ምን ሊያስከፍል እንደሚችል አንድ በይፋ የሚታወቅ ታሪክ እናንሳ። ሚያዝያ 2019 (እ.ኤ.አ.) ኮሎራዶ ውስጥ፣ ከተራራው ወደ ዴንቨር በሚወርደው አይ-70 በተባለው አውራ ጎዳና ላይ አንድ ትራክ ፍሬን እንቢ አለው። ቆመው የነበሩ መኪኖች ላይ ገብቶ 4 ሰዎች ሞቱ። ሹፌሩ ከኩባ የመጣ የ23 ዓመት ስደተኛ ነበር። በ2021 ፍርድ ቤት 110 ዓመት ፈረደበት። ሕዝብ ጮኸ፤ የግዛቱ አስተዳዳሪም ቅጣቱን ወደ 10 ዓመት ዝቅ አደረጉት። ወጣቱ ከጥፋት ነጻ ነበር አንልም። ፍሬን ላጣ መኪና የተሠራውን ማምለጫ መንገድ አልፎ ሄዷል፤ አራት ቤተሰብ ዛሬም ያለቅሳል። ነገር ግን የቀጠረው ድርጅት መዝገብ ላይ ከፍሬን ጋር የተያያዙ ጥፋቶች ከአደጋው በፊት ሰፍረው እንደነበር በወቅቱ ጋዜጦች ዘግበዋል። እስር ቤት የገባው ግን ሹፌሩ ነው።

አቋማችን ግልጽ ነው፤ የድርጅቱን መዝገብ ሳያዩ ትራክ ላይ መውጣት የዋህነት ሳይሆን በራስም በሰውም ሕይወት ላይ መቀለድ ነው። ደግሞ ማየቱ ከባድ አይደለም።

ከግዛት ግዛት የሚጭን ድርጅት ሁሉ «ዩኤስዶት» የሚባል ቁጥር አለው፤ በትራኩ በር ላይ ተጽፎ ታዩታላችሁ። ቁጥሩን የሚሰጠው የፌዴራሉ የአጓጓዦች ደህንነት መሥሪያ ቤት፣ በምህጻሩ ኤፍኤምሲኤስኤ፣ «ሴፈር» በሚባል ድረ ገጹ የየድርጅቱን መዝገብ በነጻ ያሳያል። ቁጥሩን ማስገባት ብቻ ነው። መጀመሪያ ፈቃዱ የሚሠራ መሆኑን እዩ። ቀጥሎ ስንት ትራክና ስንት ሹፌር እንዳስመዘገበ ተመልከቱ፤ «50 ትራክ አለን» ያላችሁ ሰው 4 ብቻ አስመዝግቦ ከሆነ ጠይቁት። ከዚያ ባለፉት 24 ወራት በመንገድ ላይ ስንት ጊዜ እንደተፈተሸና ከተፈተሹት ትራኮች ስንቱ «ከዚህ አትንቀሳቀስም» ተብለው እንደቆሙ ይታያል። የሀገሪቱ አማካይ እዚያው አጠገቡ ስለተጻፈ ማወዳደር ነው። ድርጅቱ ከአማካዩ እጥፍ ከሆነ፣ ጎማውንና ፍሬኑን የሚያይለት ሰው የለም ማለት ይቻላል። ኢንሹራንሱም መኖሩን አረጋግጡ፤ ለተራ ጭነት ሕጉ የሚጠይቀው ዝቅተኛው 750,000 ዶላር ነው።

መዝገቡ ሁሉን አይናገርም፤ ይህንንም ማወቅ ያስፈልጋል። የአደጋው ቁጥር ጥፋቱ የማን እንደነበር አይነግራችሁም። አብዛኛው ትንሽ ድርጅት የደህንነት ደረጃ ጭራሽ አልተሰጠውም። ንጹሕ መዝገብ ደግሞ ሁልጊዜ ንጹሕ ድርጅት ማለት አይደለም። የተዘጋበትን ድርጅት በሌላ ስምና በአዲስ ቁጥር የሚከፍት አለ፤ አሜሪካኖቹ እንዲህ ያለውን በእስስት ስም ይጠሩታል። ስለዚህ ቁጥሩ የወራት ዕድሜ ብቻ ካለው፣ ባለቤቱ ግን «10 ዓመት ሠርቻለሁ» ካለ፣ የድሮው ድርጅት ስም ማን እንደነበር ጠይቁ። አድራሻውንና ስልኩንም ፈልጉ።

«አዲስ ሹፌር ምን ምርጫ አለው? ልምድ የሌለውን የሚቀበለው የእኛው ሰው ብቻ ነው» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው። ብዙዎቻችን መንጃ ፈቃድ ባወጣን ማግስት በር የከፈተልን የሀገር ልጅ ነው፤ ውለታውን አንክድም። ግን ውለታ ፍሬን አይሆንም። ችግር አስገድዶን ብንገባ እንኳ ምን ውስጥ እንደገባን አውቀን እንግባ። ትራኩን በየቀኑ ራሳችን እንፈትሽ፣ ብልሽቱን በጽሑፍ እናሳውቅ፣ ፎቶ እናስቀር። በመንገድ ፍተሻ የተገኘ ጥፋት በድርጅቱ ብቻ አይጻፍምና። የሹፌሩ የግል መዝገብ የ3 ዓመት ፍተሻና የ5 ዓመት አደጋ ይዞ ለቀጣዩ ቀጣሪ ይታያል። የሰውዬው ያረጀ ጎማ የእናንተን የነገ እንጀራ ይዘጋል።

«ሎዱ ይረፍዳል፣ ሰዓቱን አስተካክለህ ንዳ» ስትባሉም እንቢ በሉ። ሕጉ ከ10 ሰዓት ዕረፍት በኋላ 11 ሰዓት ብቻ መንዳት ይፈቅዳል፤ እሱም በ14 ሰዓት ውስጥ ነው። አደገኛ መኪና አልነዳም በማለቱ የተባረረ ሹፌር በ180 ቀን ውስጥ ለፌዴራሉ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል። ብዙዎቻችን ይህን ሳናውቅ በዝምታ ወጥተናል።

ሀገር ቤት ላላችሁ ወጣቶችም አንድ ቃል አለን። ወንድማችሁ ሲደውል «ስንት ገባልህ?» ከማለታችሁ በፊት «ስንት ሰዓት ተኛህ? መኪናው ደህና ነው?» በሉት። ሰዓቱን አጭበርብሮ እንዲነዳ የሚገፋው አለቃው ብቻ አይደለም፤ የእኛ የወር መጨረሻ ጥያቄም ይገፋዋል። ነገ እናንተም ዕድሉ ደርሷችሁ ብትመጡ፣ የዩኤስዶት ቁጥሩን መጠየቅ የመጀመሪያ ሥራችሁ ይሁን። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ለድርጅት ባለቤት ወንድሞቻችንም፦ የሰው ልጅ በእጃችሁ ያለ አማና ነው። መዝገቡን ያየ ሹፌር ስም አላጠፋም፤ መዝገቡ የራሳችሁ ነው። ፍሬን የምታስጠግኑ ከሆነ በመጠየቁ ደስ ሊላችሁ ይገባል፤ ያልጠየቀው ወጣት ሌላውን ከእናንተ መለየት አይችልምና።

አላህ መንገደኞቻችንን በሰላም ለቤታቸው ያብቃልን። ትራክ የሚነዳ ዘመድ ያላችሁ፣ ይህን ጽሑፍ ዛሬውኑ ላኩለት።