ያ የላይብረሪ ካርድ በነፃ አልመጣም

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ትንሽ ልቆጣ ነው፤ ቻሉኝ።

በየካፌው፣ በየድግሱ የምትነገር አንዲት ወሬ አለች። «እነዚህ ጥቁር አሜሪካውያን ሁሌ እንዳለቀሱ ነው፤ እኛ ግን ትናንት መጥተን ይኸው ቤት ገዛን!» እንዲህ የሚለውን ሰው ስለ ሲቪል መብት ትግሉ ምን አነበብክ በሉት እስቲ። የኪንግን ንግግር የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ አይቷል። ሮዛ ፓርክስ ደግሞ ለሱ «ደክሟት ከአውቶቡስ ወንበር አልነሳም ያለች ሴትዮ» ናት። በቃ!

ሴትዮዋ እኮ በ1955 ከመታሰሯ 12 ዓመት በፊት የኤንኤኤሲፒ የሞንትጎመሪ ቅርንጫፍ ጸሐፊ ሆና የተመረጠች ታጋይ ናት። ደብዳቤዎቿና የእጅ ጽሑፎቿ በኮንግረስ ላይብረሪ ድረ ገጽ ላይ ተቀምጠዋል። ያውም በነፃ፣ በስልክ የሚነበቡ።

ብዙዎቻችን ወደምንኖርባት አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ልምጣ። ኩዊን ጎዳና ላይ ያለውን ባሬት ላይብረሪ ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 21 ቀን 1939 ሳሙኤል ታከር የተባለ የ26 ዓመት ጠበቃ ያዘጋጃቸው አምስት ጥቁር ወጣቶች እዚያ ገቡ። ተራ በተራ ካርድ ጠየቁ፤ ተከለከሉ። ከመደርደሪያው መጽሐፍ አንስተው ዝም ብለው ማንበብ ጀመሩ። ፖሊስ መጥቶ ወሰዳቸው። ወንጀላቸው ማንበብ ነው! በዓመቱ ከተማዋ ለጥቁሮች ብቻ ሌላ ትንሽ ላይብረሪ ከፈተች። ታከር ግን የዚያን ካርድ አልቀበልም አለ። የእኩልነት ጥያቄ በፍርፋሪ አይዘጋማ!

ዛሬ ልጆቻችን እዚያው ገብተው ካርድ ሲያወጡ «ቀለማችሁ ምንድነው?» የሚላቸው የለም። ይህን ማን እንዳመጣው ሳናውቅ ነው እንግዲህ ሰው ላይ የምንፈርደው።

የኛም መምጣት ቢሆን ከትግሉ የተለየ አይደለም። የትውልድ አገር ኮታን የሻረው የ1965 የኢሚግሬሽን ሕግ የወጣው ትግሉ ኮንግረስን ባንቀጠቀጠበት ሰሞን ነው። ከዚያ በፊት የኢትዮጵያ ኮታ በዓመት 100 ሰው ነበር። መቶ! የስንቶቻችን ዘመድ ይገባ ነበር?

«ሁለት ሥራ እየሠራሁ መቼ ላንብብ?» የሚለኝ አይጠፋም። ለማማት የተገኘው ሰዓት ለማንበብም ይገኛል።

ቅዳሜ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ባሬት ላይብረሪ የከተማዋ ታሪክ የተሰበሰበበት ክፍል አለው። ስለ 1939 ጠይቁ፤ ሰነዱን በዓይናችሁ እዩ። ስለ ሰው ለቅሶ ከዚያ በኋላ እናወራለን።