ቃሬዛውን የተሸከመው ማን ነበር?

«በጀታቸው ትንሽ ነበር፤ አትፍረዱባቸው!» እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣውን «ኮኮዳ» የተባለ የአውስትራሊያ የጦርነት ፊልም የሚከላከሉ ሰዎች ቀድመው የሚያነሡት ይህንኑ ነው። እኔን ያሳዘነኝ ግን የገንዘቡ ማነስ አይደለም።

በትንሽ ገንዘብ የተሠራውንማ አደንቃለሁ። ዳይሬክተሩ አሊስተር ግሪርሰን ጭቃውን፣ ዝናቡን፣ ተቅማጡን፣ ጥቂት እርምጃ ብቻ የሚያሳየውን ጫካና የወንድማማቾቹን የጃክንና የማክስን ፍርሃት ይዞ ተመልካቹን ያስጨንቃል። ታሪኩም ትልቅ ነው። በ1942 ጃፓኖች በፓፑዋ ሰሜናዊ የባሕር ዳርቻ ወርደው ወደ ፖርት ሞርስቢ ሲገሠግሡ መንገዳቸውን የዘጋው 39ኛው ሻለቃ ነበር። በቂ ሥልጠና ያላገኙ ወጣቶች ናቸው፤ መደበኛው ሠራዊት «የቸኮሌት ወታደሮች» ይላቸው ነበር፤ ሙቀት ሲነካቸው ይቀልጣሉ ለማለት። አልቀለጡም። ኢሱራቫ ላይ ታምመው ወደ ኋላ የተላኩት ሳይቀሩ ተመልሰው ተዋግተዋል።

ታዲያ ቅሬታህ ምንድን ነው ትሉኝ ይሆናል። ውጊያው የተካሄደው በፓፑዋውያን ምድር ነው። አገሩ ያኔ በአውስትራሊያ አስተዳደር ሥር ነበር። የኮኮዳ መንገድ 96 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን የተራራ የእግር መንገድ ነው፤ መኪና አይገባበትም። ስለዚህ ጥይቱም ምግቡም የተጓዘው በፓፑዋውያን ትከሻ ነው። የቆሰለውን ወታደር ቃሬዛ ብዙ ጊዜ ስምንት ሰዎች እየተፈራረቁ፣ ቁልቁለቱን እየተንሸራተቱ፣ ወንዙን እየተሻገሩ ይሸከሙት ነበር። ብዙዎቹ ወደው አልመጡም፤ ጦሩ በዚያው ዓመት ባወጣው የግዳጅ ሥራ ትእዛዝ ከመንደራቸው የተወሰዱ ናቸው። እንዲህም ሆኖ ቁስለኛውን አልጣሉትም።

በ«ኮኮዳ» ውስጥ እነዚህ ሰዎች የት አሉ? ዳር ላይ ናቸው። ታሪኩ የአውስትራሊያውያኑ ነው፤ ከፓፑዋውያን መካከል የልቡን ሐሳብ የምናውቅለት አንድ ሰው እንኳ የለም። ጃፓኖቹም ከቅጠል ጀርባ የሚንቀሳቀሱ ጥላዎች ናቸው። ይህኛውን ልቀበል፤ በዚያ ጫካ ወታደሩ ጠላቱን በደንብ አያየውም ነበር። ተሸካሚውን ግን በየቀኑ ያየዋል፤ ሲቆስል ነፍሱን የሚያድርበት እርሱ ላይ ነው።

እንግዲህ በጀት ነው የምትሉ ንገሩኝ፤ የአንድን ሰው ፊት በቅርብ አሳይቶ ስሙን ለመጥራት ስንት ብር ይፈጃል? ዴሚየን ፓረር በ1942 እዚያው ጭቃ ውስጥ ካሜራ ተሸክሞ እየተጓዘ የቀረጸው ለአንድ አጭር የዜና ፊልም ሆነ፤ ርዝመቱ ከአሥር ደቂቃ አይሞላም። ተሸካሚዎቹ ከነቃሬዛቸው እዚያ ውስጥ አሉ። ያ ፊልም ለአውስትራሊያ የመጀመሪያውን ኦስካር አስገኘ። በዚያው ዓመት የገና ዕለት ደግሞ ጆርጅ ሲልክ ቡና በተባለች ስፍራ አጠገብ አንድ ፎቶግራፍ አነሣ። ዓይኖቹ በፋሻ የታሰሩ ጆርጅ ዊቲንግተን የተባለ ወታደር በትር ይዞ ይራመዳል፤ ራፋኤል ኦይምባሪ የተባለ ፓፑዋዊ ከጎኑ ሆኖ ይመራዋል። ፎቶው አንድ ቅጽበት ብቻ ነው፤ ሁለቱም ግን ሰው ናቸው። ፊልሙ ይህን ለማድረግ አንድ ሰዓት ተኩል ነበረው።

እናንተ በየአጥቢያው ድራማ የምትሠሩ፣ ነገ ካሜራ የምታነሡ ወጣቶች፣ ድህነትን ሰበብ ከማድረጋችሁ በፊት ይህን አስቡበት። ማንን እንደምናሳይና ማንን እንደምንተው የሚወስነው ልባችን ነው፤ ኪሳችን የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የአውስትራሊያ መንግሥት ለተሸካሚዎቹ የመታሰቢያ ሜዳሊያ መስጠት የጀመረው በ2009 ነው፤ ከውጊያው 67 ዓመት በኋላ። ስለዚህ ፊልሙ ሲሠራ ያን ቃሬዛ የተሸከሙ ሽማግሌዎች ገና በሕይወት ነበሩ። ፊልሙ የተቀረጸው በኩዊንስላንድ ነው፤ ከዋና ከተማዋ ከብሪዝበን እስከ ፖርት ሞርስቢ በአውሮፕላን ሦስት ሰዓት ያህል ነው።