ሪፕሌዩን ሁላችንም አየነው፤ ከዳኛው በስተቀር

ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ቅዳሜና እሑድ ኳስ የማይበት ቤት አለ። የፕላስቲክ ወንበሮች፣ ሁለት ትልልቅ ስክሪኖች፣ ጥግ ላይ ጀበና። ግድግዳ የሚጋራን ጎረቤትም ኳስ ያሳያል። እነሱ በዲሽ ነው፣ የእኛ ቤት በኢንተርኔት ስለሆነ እነሱ ጥቂት ሰከንድ ይቀድሙናል። ድሮ ይሄ ነገር ያበሳጨን ነበር። የእኛ አጥቂ ገና መሀል ሜዳ ላይ ኳስ ሲቀበል ከግድግዳው ማዶ «ጎል!» የሚል ጩኸት ይመጣና ደስታችንን ይበላዋል። አሁን ማንም አይበሳጭም፤ ጩኸቱን አናምነውማ። ጎሉን በገዛ ዓይናችን አይተንም አናምንም። ግማሹ ብድግ ብሎ በቁሙ ይቀራል፣ ግማሹ እጁን አጣጥፎ «ቆይ፣ ቫር ይየው» ይላል።

አብረውን የሚያዩ አንድ ጋሼ አሉ። ድሮ ጎል ሲገባ ከጎናቸው የተቀመጠውን ሰው፣ ቢያውቁትም ባያውቁትም፣ አንገቱን ይዘው ይስሙት ነበር። አሁን ቡናቸውን ፉት ይላሉ። አንድ ቀን «ምነው ጋሼ፣ ተዉት እንዴ?» ብላቸው፣ «ሰውየውን ስሜው ጎሉ ሲሰረዝ ምን ልበለው?» አሉኝ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። በኋላ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም፤ ምክንያቱም እኔ በዚያ ቤት ውስጥ የቫር ጠበቃ ነኝ። ኢንጂነሪንግ ተምሬአለሁ፣ ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው፣ «ማሽን አይዋሽም» እያልኩ ስንቱን ሰው አድክሜአለሁ። ይህን የምጽፈው ሐሳቤን ሙሉ በሙሉ ቀይሬ አይደለም። «ቫር ኳስን ገደለ፣ ይጥፋልን» ከሚሉት ጋር ዛሬም አልስማማም። «ማሽኑ ካለ ነገሩ አለቀ» ከሚሉት ጋር ግን ከዚህ በኋላ አልቆምም። ሁለቱም ወገን የሚከራከረው ስለ ማሽኑ ነው። ጥያቄው ሌላ ነው፦ ምስሉን ማን ያያል? ምክንያቱንስ ማን ይሰማል?

እዚህ ላይ ያደረሰኝ የራሴ ጥፋት ነው፣ ከእሱ ልጀምር።

የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በ2013 ዓ.ም. በሱፐርስፖርት መተላለፍ ሲጀምር ደስ ያለን ብዙ ነበርን። ለመጀመሪያ ጊዜ የአገር ቤቱን ኳስ እንደ እንግሊዙ በሪፕሌይ ማየት ጀመርን። ከዚያ ምን መጣ? ጨዋታው ሳያልቅ ክሊፑ ቴሌግራም ላይ ነው። እኔም አንድ ቀን እንዲህ ያለ ክሊፕ ሠራሁ። የምደግፈው ክለብ ጎል ተሰርዞበት ነበር፣ በኦፍሳይድ። ምስሉን አቆምኩት፣ አጎላሁት፣ ቀይ መስመር አሰመርኩበት። አጥቂያችን ከመስመሩ በዚህ በኩል ነበር። «ይኸው ማስረጃ» ብዬ ለቀቅሁት። በአንድ ሌሊት ከቡድን ወደ ቡድን ተዛመተ። ከሥሩ የተጻፈውን ታውቁታላችሁ፦ ሌባ፣ ሆዳም፣ ተከፍሎት ነው። የረዳት ዳኛውን ስምና ፎቶ ያመጣም ነበር።

ከቀናት በኋላ ያንኑ ቅጽበት ከሌላ ካሜራ አየሁት። አጥቂያችን በግልጽ ኦፍሳይድ ነው። ረዳት ዳኛው ልክ ነበር።

እንዴት ተሳሳትኩ? ከሁሉም የሚያሳፍረኝ እዚህ ላይ ነው፤ ትምህርቴ ነውና። የመጀመሪያው ካሜራ የቆመው ከድርጊቱ ትይዩ ሳይሆን ወደ መሀል ሜዳ ጠጋ ብሎ ነው። ከዚያ ሲታይ የሜዳው መስመሮች በስክሪኑ ላይ ትይዩ ሆነው አይቀመጡም። እኔ በስልኬ ቀጥ አድርጌ ያሰመርኩት መስመር ሜዳው ላይ ቢሰመር ጠማማ ነበር። ሁለተኛ፣ ምስሉን ያቆምኩት ኳሱ ከእግር በተነሳበት ቅጽበት መሆኑን በምን አወቅሁ? ቪዲዮ የሚንቀሳቀስ ይመስላል እንጂ የቆሙ ፎቶዎች ሰልፍ ነው። በሰከንድ 50 ፎቶ የሚያነሳ ካሜራ ብንወስድ እንኳ፣ በሰከንድ 10 ሜትር የሚሮጥ አጥቂ በአንዱ ፎቶና በቀጣዩ መካከል 20 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል። አንድ ስንዝር ማለት ነው። ተከላካዩ ደግሞ ወደ ተቃራኒው እየሮጠ ከሆነ ልዩነቱ ከዚያም ይሰፋል። ቴሌግራም ላይ የሚዞረው ክሊፕ በሰከንድ ያለው ፎቶ ከ50ም ያነሰ ነው። እኔ የስንዝር ስህተት ባለበት መለኪያ የጣት ውፍረት ለክቼ ሰው ሌባ አሰኘሁ።

ክሊፑን አጠፋሁት። ይቅርታ ግን አልጠየቅሁም፤ ዝም ብዬ ነው ያጠፋሁት። የዞረው ደግሞ አሁንም ይዞራል።

ያኔ አንድ ነገር ገባኝ። በዚያ ምሽት ሪፕሌዩን ያላየ ሰው አልነበረም። እኔ አይቻለሁ፣ ተንታኙ አይቷል፣ ባስ ውስጥ የተቀመጠው ልጅ በስልኩ አይቷል፣ ቤቲንግ ቆርጦ ቲኬቱ የተቃጠለበትም አይቶ ተሳድቧል። ሳያይ የወሰነው መሀል ላይ ያለው ሰው ብቻ ነው። አንድ ጊዜ፣ በአንድ ዓይን፣ እየሮጠ። የእኛ ሊግ ሜዳ ላይ ዳኛው ሄዶ የሚያየው ስክሪን የለም። ቴሌቪዥኑ ሲመጣ ለተመልካቹ ሪፕሌይ ሰጠን፣ ለዳኛው ስድብ ሰጠን።

«እሺ፣ ቫር ያላቸውስ መቼ ተስማሙ?» ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። ወደ እንግሊዝ እንሂድ፣ ሁላችሁም የምታውቁትን ላንሳ።

2016 ዓ.ም.፣ መስቀል በዋለ በሁለተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ምሽት፣ ቶተንሃም ከሊቨርፑል። ሉዊስ ዲያዝ አገባ፣ የረዳት ዳኛው ባንዲራ ተነሳ። የቫር ክፍሉ ምስሉን አይቶ ኦፍሳይድ አለመሆኑን በትክክል ለየ። ነገር ግን ሜዳ ላይ የተወሰነው «ጎል ነው» የሚል መሰላቸውና «ምርመራው አልቋል» ብለው ለመሀል ዳኛው ነገሩት። ጨዋታው ቀጠለ። ስህተታቸው ሲገባቸው ማስቆም አንችልም አሉ። ቶተንሃም 2 ለ 1 አሸነፈ። እኛ ሙያ ውስጥ ይህን ዓይነት ባግ ሁሉም ዴቨሎፐር ያውቀዋል፦ ሁለት ሲስተሞች እየተነጋገሩ፣ አንዱ ሌላው ያለበትን ሁኔታ ሳያውቅ። ካሜራው አልተሳሳተም፣ መስመሩም አልተሳሳተም። የተሳሳተው ንግግሩ ነው። ይህን ልናውቅ የቻልነው ደግሞ የክፍሉ የድምፅ ቅጂ ከቀናት በኋላ ይፋ ስለሆነ ብቻ ነው። ቅጂው ባይወጣ ኖሮ ዛሬም «ተከፍሏቸው ነው» እያልን ነበር።

የእኛው አህጉር ደግሞ የባሰ አይቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 የካፍ ቻምፒየንስ ሊግ የመልስ ፍጻሜ ራዴስ ላይ፣ ዋይዳድ ካዛብላንካ ያገባው የአቻነት ጎል ተሰረዘ። ተጫዋቾቹ «ቫር ይታይልን» አሉ። ቫሩ አይሠራም ተባሉ። አንጫወትም ብለው ቆሙ፣ ከረጅም ጥበቃ በኋላ ዋንጫው ለኤስፔራንስ ተሰጠ። የአፍሪካ ትልቁ የክለቦች ፍጻሜ እንዲህ ሆኖ ቀረ። ማሽን ይበላሻል፣ ያለ ነው። መበላሸቱን ተጫዋቹ ጎሉ ከተሰረዘ በኋላ ሲሰማ ግን ሌላ ነገር ነው።

አሁን ደግሞ የራሳችንን እንይ። ጥር 1 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ዋሊያዎቹ በካሜሩኑ የአፍሪካ ዋንጫ ከኬፕ ቨርዴ ጋር ተጫወቱ። ገና በ12ኛው ደቂቃ ያሬድ ባዬ ከቫር ምርመራ በኋላ በቀይ ካርድ ወጣ። በ10 ሰው ታግለን 1 ለ 0 ተሸነፍን። የገና በዓል ድግስ ገና ከሆዳችን ሳይወጣ ያ ቤት ለቅሶ ቤት መሰለ። «ለእኛ ሲሆን ነው ቫሩ የሚሠራው» ያላለ አልነበረም። እኔም ብያለሁ። ረጋ ብዬ ሳየው ግን ውሳኔው ልክ ነበር ብዬ አምናለሁ። ያመመን ውሳኔው ሳይሆን ለምን እንደተወሰነ ማንም ሳይነግረን ስክሪን ላይ ማፍጠጣችን ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ በዚያው ውድድር ግማሽ ፍጻሜ፣ ቡርኪና ፋሶን ከሴኔጋል የዳኘው የእኛው ባምላክ ተሰማ ነበር። በመጀመሪያው አጋማሽ ብቻ ሁለት ጊዜ ለሴኔጋል ፔናልቲ ሰጠ፣ ሁለቱንም ጊዜ ከቫር በኋላ ሻረው። ያን ቀን ሜዳው ላይ ቫር ባይኖርስ? ባምላክ ዕድሜ ልኩን «የሴኔጋሉ ዳኛ» እየተባለ ይኖር ነበር። ቫር ከስህተቱ አወጣው፣ እሱም «ተሳስቻለሁ» ለማለት አላፈረም። እንዲህ ያለ ሰው ከአገራችን ወጥቷል። እዚህ ቤት ሲያጫውት ግን ያችን ሁለተኛ ዕድል የሚሰጠው የለም።

ስለዚህ አቋሜን ልናገር።

ቫር ሲጸድቅ የተገባው ቃል ግልጽ ስህተትን ለማረም ነው፦ ጎል፣ ፔናልቲ፣ ቀጥተኛ ቀይ ካርድ፣ ካርድ የተሳሳተ ሰው ሲያይ። በዚያ ይወሰን። ኦፍሳይድ ላይ ልዩነቱ ከመለኪያው ስህተት ካነሰ ጥርጣሬው ለአጥቂው ይሁን። በ2022ቱ የኳታር የዓለም ዋንጫ የመጣው ከፊል አውቶማቲክ ሲስተም 12 ካሜራ አለው፣ ከእያንዳንዱ ተጫዋች ሰውነት 29 ነጥቦችን በሰከንድ 50 ጊዜ ይከታተላል፣ ኳሱ ውስጥ ያለው ሴንሰር ደግሞ በሰከንድ 500 ጊዜ መረጃ ይልካል። ይህ ከእኔ ቀይ መስመር እጅግ የተሻለ ነው፣ አልክድም። ቢሆንም አንድም መለኪያ ከስህተት ነጻ አይደለም። ጎልን በአውራ ጣት ጥፍር ልክ የሚሰርዝ ሕግ ኦፍሳይድ የተፈጠረበትን ምክንያት ረስቷል። ሕጉ የመጣው አጥቂ ጎል ሥር ተደብቆ እንዳይጠብቅ ነው።

ሁለተኛ፣ ዳኛው ይናገር። አባቶቻችን «በላ ልበልሃ» ብለው ሲሟገቱ ክርክሩም ፍርዱም በአደባባይ ነበር፤ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ይሰማል። ተሸናፊው ባይደሰትም በምን እንደተረታ ያውቃል። ፊፋ በ2023 የሴቶች የዓለም ዋንጫ ላይ ዳኞች ውሳኔያቸውን በማይክ ለስታዲየሙ እንዲያብራሩ አድርጓል። ሰማይ አልተደፋም።

ሦስተኛውና ዋናው ለእኛ ሊግ ነው። «ስታዲየም ሳይኖረን ቫር?» የሚለው መልስ ይመጣል፣ አውቀዋለሁ። ዋሊያዎቹ የሜዳቸውን ጨዋታ በሰው አገር ሲጫወቱ ዓመታት መቆጠራቸውንም አውቃለሁ። ሙሉ የቫር ክፍል ይተከል አላልኩም። ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2024 ኮሎምቢያ ላይ በተካሄደው ከ20 ዓመት በታች የሴቶች የዓለም ዋንጫ የሞከረው ቀለል ያለ መንገድ አለ። የቫር ዳኛ የለም፣ ልዩ ክፍል የለም። አሠልጣኙ በአንድ ጨዋታ ሁለት ጊዜ «ይታይልኝ» ማለት ይችላል፣ ዳኛው ራሱ ሜዳ ዳር ሄዶ ያለውን ምስል ያያል። ካሜራው ጥቂት ለሆነ ሊግ የታሰበ ነው። ጨዋታው በቴሌቪዥን የሚተላለፍ ከሆነ ምስሉ አለ። የጎደለው ምስሉ ለዳኛው የሚታይበት አንድ ስክሪንና አሠራሩን የሚወስን ሰው ነው።

ደጋፊ አቅም የለውም አትበሉኝ። ስዊድን ውስጥ ክለቦች በአባላት እጅ ናቸው፤ ደጋፊው ቫር አንፈልግም ብሎ ስለጸና የአገሪቱ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ዕቅዱን ትቶታል። በዚያው ዓመት እንግሊዝ ውስጥ ዎልቭስ ቫር ይቅር ብሎ ሐሳብ ሲያቀርብ 19 ለ 1 ተሸነፈ። እኔ ከስዊድኖች ጋር በውሳኔያቸው አልስማማም፣ መጠየቃቸው ግን ያስቀናኛል። እኛ ቦሌ ተቀምጠን ለለንደን ክለብ ድምፅ የለንም። ለገዛ ሊጋችን ግን አለን፣ እስካሁን የተጠቀምንበት ለስድብ ነው።

ያ ስክሪን እስኪመጣ ድረስ አንድ ነገር በእጃችን ነው። ክሊፕ ከመልቀቃችሁ በፊት ካሜራው የት እንደቆመ እዩ። ሁለተኛ ማዕዘን ፈልጉ። ከሌለ ተዉት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የሰው ስም ግን ከፈሰሰ አይለቀምም።

ለእኔ ዘግይቷል፣ ቢሆንም ልጻፈው። ያን ዕለት ባንዲራውን ያነሳኸው ረዳት ዳኛ፣ ልክ ነበርክ። መስመሩን ያሰመርኩት እኔ ነኝ። ይቅርታ።